አብቦ ያላፈራው ዱባ

ዱባ ለሠራተኛ እናት ባለውለታ ነው። አንዴ ከተከሉት ብዙ ሳያስቸግር በአጥሩም በፍግ ክምሩም ላይ እየተሳበ ያድጋል። ቅጠሉ ይቀቀላል፣ ፍሬው የጾም ወጥ ይሆናል፣ ለሕፃናት ተፈጭቶ ይቀርባል፣ ዘሩም ተቆልቶ ይቆረጠማል። ስለዚህ ባለፈው መስከረም፣ የመስቀል በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ በምትገኘው በመካነ ሰላም ከተማ ከአንዲት መምህርት ቤት ቡና ተጠርተን ሳለ የዱባ ስሞታ ስንሰማ ነገሩ ሳይገርመን አልቀረም።

«አበባውማ ሞልቶታል፤ ጠዋት ጠዋት ግቢው ቢጫ በቢጫ ነው። ፍሬው ግን እንቁላል ሲያህል ይጠወልጋል፤ ከዚያ ይበሰብስና ይወድቃል። አምና አሥራ ሁለት ዱባ ነበር ያነሣሁት። ዘንድሮ አንድም የለኝ፤ መሬቱ ደክሞ ይሆናል» አሉን መምህርቷ።

መሬቱ አልደከመም። የደከመ መሬት ያንን ያህል ቅጠልና ያንን ያህል አበባ አይሸከምም። ችግሩ ያለው ከአበባው ላይ ነበር።

ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። አንደኛው በቀጭን ረጅም አገዳ ላይ የሚቆመው ወንዴው አበባ ነው። ሁለተኛው ከሥሩ ትንሽ ዱባ መሳይ እብጠት ያለው ሴቴው ነው። የወንዴው ዱቄት ወደ ሴቴው ካልተሻገረ ያች ትንሽ እብጠት አትፀነስም፤ ለጥቂት ቀን ቆይታ ትጠፋለች። የዱባ ዱቄት ደግሞ ከባድና የሚጣበቅ በመሆኑ ነፋስ አያነሣውም፤ ተሸካሚ ይፈልጋል። ተሸካሚዋም ንብ ናት። አበባው ጎሕ ሲቀድ ተከፍቶ ቀትር ሳይሆን ስለሚከደን፣ ንብ በዚያች አጭር ሰዓት ካልደረሰች የዚያን ቀን ዕድል አለፈ ማለት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሰን ከሐረጉ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። ፀሐይ ወጥቷል፣ ነፋስ የለም፣ አበባው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከአንድ ሁለት ዝንብ በቀር የጎበኘው አልነበረም።

ነገሩን የፈቱልን የመምህርቷ እናት ናቸው። እኒህ እናት ከበረንዳው ላይ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ሲያዳምጡን ከቆዩ በኋላ፣ «ያን አጥር ስትነቅይው እኮ ተናግሬ ነበር፤ ንቡ በየት ይምጣ?» አሉ ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው። ከሦስት ዓመት በፊት በዚያ ግቢ ዙሪያ የነበረው አጥር ቀጋ፣ ግራዋና እንዶድ የተጠላለፈበት፣ ከሥሩም ሳማና ልት የሚበቅልበት የድሮ አጥር ነበር። ከቤቱ ጀርባ በጣራው ክፈፍ ሥር ሁለት የጭቃ ቀፎ ተሰቅሎ ነበር። አጥሩ ተነቅሎ ቆርቆሮ ተተካ፣ ግቢው በከፊል ሲሚንቶ ተደረገ፣ በመግቢያው ግራና ቀኝ ቀይ የፈረንጅ ጽጌረዳ ተተከለ። በተከታዩ በጋ ንቦቹ ሁለቱንም ቀፎ ጥለው ሄዱ።

በዚህ መምህርቷን መውቀስ አይገባም። የቀጋ እሾህ የልጆቹን ልብስ ይቀድ ነበር፤ አጥሩ ያረጀና በየቦታው የተሸነቆረ ስለነበር የጎረቤት ፍየል ይገባበት ነበር። ቆርቆሮ አጥር ደግሞ ዛሬ በከተማ የደህና ኑሮ ምልክት ሆኗል። በዚያ ላይ ዘንድሮ ጎመኑን ክሽክሽ ስለወረረው መምህርቷ ከሱቅ የተባይ መርዝ ገዝተው፣ ዱባው ባበበበት ሰሞን በጠዋት ረጭተዋል። አጥሩ ይሁን ቀፎው ወይስ መርዙ አንዱን ብቻ ነጥሎ ጥፋተኛ ማድረግ ያስቸግራል። ሦስቱም ግን ንብን ከግቢ ያስወጣሉ።

ንብ የምትራበው መቼ ነው?

የአበባ ተክል ስንመርጥ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው «ቀለሙ ያምራል ወይ?» ብለን ነው። ንብና ቢራቢሮ ወደ ግቢዋ እንዲመጡ የምትፈልግ እናት ግን ሌላ ጥያቄ ማስቀደም አለባት፤ እርሱም «በየትኛው ወር ያብባል?» የሚለው ነው።

በመስከረምና በጥቅምት ለንብ ማንም አበባ ባይተክልላት ግድ የላትም። በወሎ ደጋ በዚያን ጊዜ ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ፣ መች እና ማገጥ ነው፤ ባቄላው ያብባል፣ ዝቅ ባለው አገር ኑጉ ይቀጥላል። የአገራችን ዋናው የማር ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚውለውም ስለዚህ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሣሩ ይደርቃል፣ አዝመራው ይሰበሰባል። የበልግ ዝናብ ከዘገየ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ድረስ ንብ ከቀፎ ወጥታ ባዶ እጇን የምትመለስበት ቀን ይበዛል። የእኛ አገር ንብ ሲርባት ደግሞ ተቀምጣ አትሞትም፤ ቀፎውን ጥላ ትሰደዳለች። የመምህርቷ ንቦች የሄዱትም በዚሁ ወቅት ነው። ሌላው ረሃብ የሐምሌና የነሐሴ ነው። ያን ጊዜ አበባ ቢኖር እንኳ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ ንቧ የምትኖረው ቀፎ ውስጥ ባስቀመጠችው ማር ነው። ማሯን እስከ መጨረሻው እንጀራ ጠርጎ የሚቆርጥ ሰው ይህን ማሰብ ነበረበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ገበሬው የቀፎውን ገዥ «አውራ» ይላታል፤ የወንድ ስም መሆኑ ነው። ነገር ግን አውራ የተባለችው እናቲቱ ናት፤ ቀፎውን የሞሉትን ሁሉ የወለደች እርሷ ናት። ወለላ ቀጂዋ፣ ውኃ ቀጂዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ሕፃን አሳዳጊዋና በር ጠባቂዋም ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ድንጉላ ይባላሉ፤ ከዘር በቀር ሌላ ሥራ የላቸውም፤ የመንደፊያ እሾህ እንኳ የላቸውም። አንዲት ሠራተኛ ንብ በአንድ ጉዞ ከ50 እስከ 100 አበባ ጎብኝታ ትመለሳለች፤ በሥራ ወራት ዕድሜዋ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ይህን ለመምህርቷ እናት ስንነግራቸው ሳቁና «ታዲያስ! ያለ እናት ቤት ቆሞ ያውቃል?» አሉን።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ለመካነ ሰላምና ለመሰል ደጋ ከተሞች በአንደኛ ደረጃ የምንመክረው ግራዋን ነው። ግራዋን የማታውቅ እናት የለችም፤ ቅጠሉ ለጠላ ጋን ማጠቢያ ይሆናል፣ መራራነቱም ምሳሌ ነው። አበባውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ነጭ፣ ትንንሽና በዘለላ የሚወጣ ነው። ዋናው ነገር የሚያብበው ሌላው ሁሉ በደረቀበት በበጋው ልብ፣ በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት መሆኑ ነው። በእነዚያ ወራት አንድ ያበበ ግራዋ አጠገብ የቆመ ሰው ከማየቱ በፊት የንቡን ድምፅ ይሰማል። ግራዋ በቅርንጫፍ ይተከላል፤ የአውራ ጣት ውፍረት ያለውን ቆርጦ በሰኔ እርጥብ መሬት ላይ መትከል በቂ ነው። ለአጥር የሚሆን ቁመት ያወጣል፤ ሲበዛም ይቆረጣል። ከቆርቆሮው አጥር ጎን ለጎን ሊቆም ስለሚችል ቆርቆሮውን መንቀል እንኳ አያሻም።

ቀጥሎ ቀጋ ነው። ቀጋ የአገራችን ጽጌረዳ ነው፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ እርሱ ብቻ ነው። በገበያ የሚሸጠውን ድርብርብ የፈረንጅ ጽጌረዳ ተመልክተን ይህን «የዱር ነው» ብለን እንንቀዋለን። ልዩነታቸውን ማወቅ የሚፈልግ ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ይያቸው። ቀጋው አምስት ነጭ ቅጠል ብቻ አለው፤ መካከሉ ክፍት ነው፤ ዱቄት የተሸከሙት ቢጫ ዘንጎች ተሰልፈው ይታያሉ። የድርብርቡ ጽጌረዳ እነዚያ ዘንጎች በሰው እርባታ ወደ ቅጠልነት ተለውጠዋል፤ ስለዚህ ውበቱ ይበዛል፣ ምግቡ ግን ይጠፋል፤ ያለውም ቢሆን ከቅጠሉ ብዛት የተነሣ አይደረስበትም። ለንብ እንዲህ ያለው አበባ ሥዕል ነው። በዚያ ላይ ቀይ ከሆነ ጨርሶ አትለየውም፤ የንብ ዓይን ቀይ ቀለምን አያይም። ቢራቢሮና ረጅም ምንቃር ያላት ትንሿ የአበባ ወፍ ግን ቀዩን ያያሉ፤ የሬትን ቀይ አበባ ያች ወፍ የምታዘወትረው በከንቱ አይደለም።

«ጽጌረዳዬን ልንቀል እንዴ?» ለሚሉ መልሳችን አይደለም ነው። ቤት ማስዋብም መልካም ነው። ከሁለቱ ጽጌረዳ አጠገብ አንድ ቀጋ ማኖር ግን ይቻላል። ቀጋ ከሥሩ የሚያወጣውን ቀንበጥ ከነሥሩ ነቅሎ በክረምት መትከል ይበቃል። የእሾሁን ነገር ለሚፈሩ፣ ልጆች ከሚሮጡበት ራቅ አድርጎ በጓሮ ጥግ ማድረግ ነው። ፍሬው ሲቀላ ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው ይሄዱበታል።

የአደይ አበባ ነገር ያሳዝናል። በከተማ ያደጉ ልጆች ለዕንቍጣጣሽ የሚያዞሩት በወረቀት የተሣለ አደይ ሆኗል። በገጠሩም ቢሆን ስንዴና ጤፍ ውስጥ የሚረጨው «ቱ ፎር ዲ» የሚባለው የአረም መርዝ ቅጠለ ሰፊውን ተክል ለይቶ ስለሚያጠፋ፣ መችና አደይ ከማሳው ዳርቻ እየተመናመኑ ሄደዋል። ገበሬው አረም ብሎ ያጠፋው ተክል የንቡ ቀለብ ነበር። በግቢ ውስጥ አደይን ማልማት ግን ቀላል ነው። በኅዳር አበባው ሲደርቅ ዘሩን በወረቀት ሰብስቦ፣ በደረቅ ቦታ አኑሮ፣ በሰኔ መባቻ በተቆፈረ መሬት ላይ በትኖ በስሱ አፈር ማልበስ ነው። የአንድ ክረምት ተክል በመሆኑ በየዓመቱ ዘር መያዝ ያስፈልጋል፤ ወይም ዘሩ ሳይረግፍ አለመንቀል ነው።

ከዚህ በላይ ቦታ ያላት እናት ጌሾ ትትከል። የጌሾ አበባ አረንጓዴና ደቃቅ ስለሆነ አበባ መሆኑ አይታወቅም፤ ንብ ግን ታውቀዋለች። ጠጅ የምትጥል እናት ጌሾውንም ማሩንም ከአንድ ግቢ ብታገኝ ትርፉ የእርሷ ነው። እንዶድም መልካም ነው፤ ንብ የሚወደው ረጅም የአበባ ዘለላ አለው። የነጠላ ሳሙናነቱን እናቶቻችን ያውቁታል፤ ሳይንሱ የተረዳው ግን በኋላ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ ተክሉ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት ከዚያ ተነሥተው ነው። ሆኖም ፍሬው ሲበላ መርዝ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ ባይተከል ይሻላል። አንፋርን የሚያውቅ ካለ እርሱንም ይሞክር። በውጭ አገር «የቢራቢሮ ቁጥቋጦ» እየተባለ በውድ የሚሸጠው የቻይና ተክል የአንፋር የቅርብ ዘመድ ነው።

ለዚህ ሁሉ ማስረጃው ከከተማዋ ሩቅ አይደለም። በቦረናና በሳይንት መካከል ያለው የደንቆሮ ጫካ፣ ዛሬ የብሔራዊ ፓርክ አካል የሆነው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ነው። ኮሶው፣ አስታው፣ አምጃውና ጅብራው ማንም ውኃ ሳያጠጣው ውርጩን ችሎ በዚያ ኖሯል። ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠችው መካነ ሰላም የሚስማማውን ለማወቅ ወደዚያ መመልከት ይበቃል። ይህን ስንል ግን ከጫካው ችግኝ ነቅላችሁ አምጡ ማለታችን አይደለም፤ ያ ክልክል ነው። ዘርና ቀንበጥ ከመንገድ ዳርና ከጎረቤት አጥር ይገኛል፤ የኮሶ ችግኝም በመንግሥት ችግኝ ጣቢያዎች ይፈላል።

ቢራቢሮ የሚፈልግ ትሉን ይታገሣል

ቢራቢሮ እንደ ንብ አይደለም፤ ሁለት ዓይነት ተክል ይፈልጋል። ለራሱ ወለላ የሚቀዳበት አበባ፣ ለልጆቹ ደግሞ የሚበሉት ቅጠል። ሁለተኛውን ብዙዎቻችን እንረሳለን። አበባ ሞልቶ ቅጠሉ ከሌለ ቢራቢሮው ጎብኝቶ ያልፋል እንጂ አይቀመጥም። ችግሩ ቢራቢሮ ሁሉ ትል ሆኖ ማደጉ ነው፤ ትል የተባለውን ሁሉ የምትገድል ቤት ቢራቢሮ አታይም።

እያንዳንዱ የቢራቢሮ ዓይነት ዕንቁላሉን የሚጥለው በመረጠው ተክል ላይ ብቻ ነው። በየዓመቱ በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል ሰሐራን አቋርጦ የሚመላለሰው ብርቱካናማና ጥቁር ቢራቢሮ በልት፣ በእሾሃማ ኮሸሽላ መሳዮችና በሳማ ላይ ይጥላል። የእርሱ ዘመዶች ከሳማ አይርቁም። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ በሚበቅለው በጦቢያው ላይ የሚያድገው ሌላው ብርቱካናማ ቢራቢሮ ደግሞ የተክሉን መርዝ በገላው አጠራቅሞ ይይዛል፤ ወፍ አንዴ ከቀመሰችው ሁለተኛ አትደግመውም። ስለዚህ ቀስ ብሎ፣ ሳይሸሽ ይበራል። ጎመን ላይ የሚያድገውን ነጩን ቢራቢሮ ግን እናቶች ይጠሉታል፤ አይፈረድባቸውም። እርሱን በመርዝ ከማጥፋት ይልቅ ከቅጠሉ ጀርባ የተጣበቁትን ቢጫ ዕንቁላሎች በጣት መጨፍለቅ ይሻላል፤ ለልጆችም ሥራ ይሆናል።

ስለዚህ ከጓሮው አንድ ጥግ፣ ልጆች በማይረግጡበት፣ ሳማና ልት ሳይነቀሉ ይተዉ። ሳማው ለጾም ወጥም ስለሚሆን ኪሣራ የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በቆላማው የደቡብ ወሎ ክፍልና በሌሎች ከተሞች አጥር ሆኖ የምናየው የወፍ ቆሎ፣ ቢጫና ሮዝ አበባ የተደባለቀበት፣ ቢራቢሮ እንደሚወደው አይካድም። ሆኖም የአሜሪካ ምድር ተወላጅ ነው፤ ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ስለሚበትኑት ግጦሹን ይወርራል፣ ከብት ሲበላውም ይመርዛል። ያለው ይንቀል፤ የሌለው አይትከል። ባሕር ዛፍን ግን በዚህ ዓይን አናየውም። መጤ ቢሆንም አበባው ለንብ ብዙ ወለላ ይሰጣል። ለጠባብ ግቢ የማይሆነው ውኃውን ስለሚጠጣና ከሥሩ ሌላ ስለማያበቅል ነው።

የኪራይ ቤት ያላት እናትስ?

ይህን ሁሉ ያነበበች በአንድ ክፍል የምትኖር ሠራተኛ «እኔ ግቢ የለኝ» ማለቷ አይቀርም። ንብ ግን የቤት ካርታ አትጠይቅም። ሥሩ የተበሳ የዘይት ቆርቆሮ ወይም አሮጌ ባልዲ በረንዳ ላይ ይበቃል። በእርሱ ውስጥ በሶብላ፣ ዳማ ከሴ፣ ጦስኝና ኮሰረት ይተከላል። እነዚህ ለወጥ፣ ለሻይ፣ ለቅቤና ለምች የምንፈልጋቸው ስለሆኑ አበባቸው ምርቃት ነው። አንድ ነገር ብቻ እናስታውስ፤ በሶብላ ማበብ ሲጀምር ጫፉን ሁሉ እንቀጫለን፤ ሁለት ሦስት ዘለላ ሳንቀጭ ብንተው ንቡም ዘሩም ይገኛል።

ውኃም አይዘንጋ። በጥርና በየካቲት ዝርግ ሰሐን ውስጥ ጠጠር አድርጎ በስሱ ውኃ ማፍሰስ ነው። ጠጠሩ ንቧ ቆማ እንድትጠጣ ነው፤ ጠጠር በሌለው ሰሐን ትሰምጣለች።

መርዝን በሚመለከት ነገሩ አጭር ነው። ያበበ ተክል ላይና ያበበ ተክል አጠገብ አይረጭም። ክሽክሽን ለማጥፋት የሳሙና ውኃ አስቀድሞ ይሞከር፤ ቅጠሉን ከሥሩ ማጠብና አመድ መነስነስም ይረዳል። የግድ መርዝ ካስፈለገ ፀሐይ ከገባች፣ ንብ ከተመለሰች በኋላ ይሁን። መርዙ የነበረበት ዕቃ ለውኃም ለእህልም አይሁን።

ልጆች ያሏት እናት ንድፊያን ብትፈራ እውነት አላት። አበባ ላይ ያለች ንብ ካልጨበጧት አትናደፍም፤ የምትናደፈው ቀፎዋን ስትጠብቅ ነው። ልጅ ከተነደፈ እሾሁን ሳይዘገዩ በጥፍር ጠርጎ ማውጣትና በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ማድረግ ነው። ፊቱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ገላው ሁሉ ሽፍ ካለ ግን ጊዜ ሳይፈጁ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። የማር ነገር ከተነሣ ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ማቅመስ አይገባም። በማር ውስጥ አንዳንዴ የሚገኝ የጀርም ዘር ትልቁን ሰው ሳይጎዳ ሕፃኑን ጡንቻ እስከማዛል ያደርሰዋል። ይህ ከአያቶቻችን ልማድ ጋር እንደሚጋጭ እናውቃለን፤ ቢሆንም ነው።

ቀፎ ማንሣት ለሚፈልጉም ጥቂት እንበል። በአገራችን ንብ ማነብ የወንድ ሥራ ሆኖ የቆየው ቀፎው ዛፍ ላይ ስለሚሰቀልና ማሩ በሌሊት ስለሚቆረጥ ነበር። መሬት ላይ በቆመ መደብ የሚቀመጠው የሽግግር ቀፎና ባለ ሳጥኑ ዘመናዊ ቀፎ ከመጡ ወዲህ ግን ዛፍ መውጣት አላስፈለገም፤ በብዙ ቦታ ሴቶች በጓሯቸው ያነባሉ። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረው የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ትልቅ ድርሻ አለው። ጎረቤት ለጎረቤት በተጠጋበት ከተማ ቀፎ ከማስገባት በፊት ግን ጎረቤትን ማማከር፣ የቀፎውን አፍ ከመተላለፊያ ማዞር ይገባል። ቀፎ ሳይኖር ንብ ማብላት እንደሚቻልም አይረሳ። ንብ ከቀፎዋ ሦስት ኪሎ ሜትር ድረስ ትሄዳለች፤ የእርስዎ ግራዋ የሰው ቀፎ ይሞላል፣ የሰው ንብ የእርስዎን ዱባ ያስፈራል። በዱባ ብቻም አይደለም። ኑግ በራሱ ዱቄት ስለማይፀነስ ያለ ንብ የጾሙ ዘይት አይገኝም፤ ባቄላም ንብ ሲጎበኘው ፍሬው ይበረክታል።

መምህርቷ ለዘንድሮው ዱባ ምን ያድርጉ? ያን ዕለት ጠዋት አብረን ሠራነው። አንድ ወንዴ አበባ ከአገዳው ቆርጠን፣ ቅጠሉን ልጠን፣ ዱቄት የተሸከመውን መካከሉን በሴቴዋ አበባ ውስጥ ቀስ አድርገን አሻሸን። አንድ ወንዴ ለሁለት ሦስት ሴቴ ይበቃል። ሥራው ጠዋት አበባው ሳይከደን መሆን አለበት። ታዳጊዋ ልጃቸው ዘዴውን ወዲያው ስለያዘችው በየቀኑ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት እንድትሠራው ተስማሙ።

መምህርቷ ግን በአንድ ነገር ተክዘው ነበር። «ቆርቆሮውን ባልነቀልነውስ? ገና ዕዳው አላለቀም እኮ» አሉ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ቆርቆሮው ይቁም» አሉ እናትየው እንዝርታቸውን አስቀምጠው። «ግራዋውን ከውስጥ እንተክልበታለን።»

በጥቅምት መጨረሻ ስልክ ደውለን ነበር። አራት ዱባ ይዟል። መርዙ የተረፈው ከነጠርሙሱ ከጎተራ ሥር ተቀምጧል፤ የት እንደሚጣል ገና አላወቁም፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቀው እንዲያስረክቡት ነግረናቸዋል። ግራዋው በሰኔ ይተከላል፤ ቅርንጫፉን የሚሰጧቸው ጎረቤትም ተገኝተዋል።